ስለ ሸራ ጀልባ ውድድር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው፦ በቤን ኤንስሊ የውድድር ዘመን ሲታይ

እንግሊዛዊው ቤን ኤንስሊ ከ1996 እስከ 2012 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአምስት ተከታታይ ኦሎምፒኮች በሸራ ጀልባ ተወዳድሮ 4 ወርቅና 1 ብር አግኝቷል። ዓይናችን ሩጫ ስለለመደ የእሱን ድሎች ስናይ የምንስታቸው ነገሮች አሉ።

«ሻምፒዮን ማለት ቀድሞ የገባ ነው»

በ10 ሺህ ሜትር አዎ፤ እዚህ ግን አይደለም። አንድ የሸራ ጀልባ ሻምፒዮና ለቀናት የሚዘልቁ የብዙ ዙሮች ድምር ነው። አንደኛ የገባ 1 ነጥብ፣ ሁለተኛ የገባ 2 ነጥብ እያለ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ትንሽ ነጥብ ያለው ያሸንፋል። ከሁሉ የከፋው የአንድ ዙር ውጤት ይሰረዛል። በ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ደግሞ አሥሩ ዙሮች ካበቁ በኋላ ምርጥ አሥሩ ብቻ የሚገቡበት የሜዳልያ ዙር ነበር፤ የዚህ ዙር ነጥብ በእጥፍ ይቆጠራል፣ አይሰረዝም።

ፊን በተባለው የጀልባ ዓይነት ዴንማርካዊው ዮናስ ሆግ-ክሪስቴንሰን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዙሮች ኤንስሊን በእያንዳንዱ ቀድሞት ገብቷል። ወደ ሜዳልያው ዙር ሲገቡ ዴንማርካዊው 26፣ ኤንስሊ 28 ነጥብ ነበራቸው። በዚያ ዙር ኤንስሊ ዘጠነኛ ሆነ፣ ማለትም ከመጨረሻው ሁለተኛ። ሆግ-ክሪስቴንሰን አሥረኛ። 28 ላይ 18 ሲደመር 46፤ 26 ላይ 20 ሲደመር ያው 46። እኩል ሲሆኑ በሜዳልያው ዙር የተሻለው ይቀድማልና ወርቁ የኤንስሊ ሆነ። ዙሩን ያሸነፈው ፈረንሳዊው ጆናታን ሎበር በድምሩ 49 ነጥብ ነሐስ ወሰደ። በቴሌቪዥን ያንን ዙር ብቻ የተመለከተ ሰው ዘጠነኛ የገባው ለምን እንደሚጨፍር ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

«ነፋስ በገፋው ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ዕድል ነው»

ነፋስ ከኋላ የሚገፋው በውድድሩ በአንድ ክፍል ብቻ ነው። ዋናው ትግል ያለው ወደ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲወጣ ነው። ጎበጥ ብሎ የተወጠረ ሸራ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይሠራል፤ ጀልባው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ደግሞ ከሆዱ ወደ ውኃው የሚወርድ ሳንቃ ይይዘዋል። ከሁለቱ የሚወጣው ኃይል ጀልባውን ወደፊት ይወስደዋል። ሆኖም ከነፋሱ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ያህል ካልራቀ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ዳገት እንደሚወጣ መኪና መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል።

ዕድል የሚመስለው ነገር የሚመጣው ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ ነው። ጎን ለጎን በ100 ሜትር የተራራቁ እኩል ጀልባዎች እንዳሉ አስቡ። ነፋሱ 10 ዲግሪ ሲዞር፣ በዞረበት በኩል ያለው ጀልባ ምንም ሳይፈጥን ወደ 25 ሜትር ያህል ቀድሞ ይገኛል። ሌዘር የተባለው ጀልባ 4.23 ሜትር ስለሚረዝም ይህ የስድስት ጀልባ ርዝመት ነው። ጎበዝ ተወዳዳሪ ይህን አስቀድሞ ይፈልጋል፦ ውኃው ላይ ጠቆር ብሎ የሚመጣው ሽፍታ የጠነከረ ነፋስ ነው፣ ቀድመው የሄዱት ጀልባዎች ማዘንበልም ይናገራል። የጀልባው አፍንጫ ወደ መጥፎ አቅጣጫ ሲገፋ ወዲያው ይታጠፋል። ግን ሲታጠፍ ጀልባው ፍጥነት ያጣል፤ ለእያንዳንዱ የነፋስ ሽውታ የሚታጠፍ ጀማሪም የሚሸነፈው ለዚህ ነው።

«ተቀምጦ መሪ መያዝ ነው፤ ጉልበት አይጠይቅም»

ጀልባው ካዘነበለ ፍጥነቱ ይሞታል። ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የሰውየው ክብደት ብቻ ነው፦ እግሮቹን ከማሰሪያ ሥር ያስገባና ገላውን ከጠርዙ ውጪ አንጋሎ ይቆያል። ግድግዳ ተደግፈው ወንበር ሳይኖር የተቀመጡ ያህል ነው፣ ጭኑ ይቃጠላል። በዚያ ላይ አንድ እጅ መሪ ይዞ ሌላው የሸራውን ገመድ ይጎትታል። የሌዘር ሸራ 7 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን የፊን ከ10 ይበልጣል። ኤንስሊ በ2000 ሌዘር አሸንፎ ወደ ፊን ሲዛወር ከ15 ኪሎ በላይ ክብደት መጨመር ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ በፊን ሦስት የኦሎምፒክ ወርቆችን ወስዷል።

«ሌላውን መዝጋት ማጭበርበር ነው»

ይህ ከሁሉ የበለጠ የሚያከራክረው ነው። የ1996ቱ የኦሎምፒክ የሌዘር ውድድር በአሜሪካ ሳቫና ከተማ አጠገብ ሲካሄድ ኤንስሊ ገና 19 ዓመቱ ነበር፤ ተቀናቃኙ ብራዚላዊው ሮበርት ሻይት። በመጨረሻው ዙር መነሻ ላይ ጥቁር ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር፣ ማለትም ከመነሻው በፊት ባለችው የመጨረሻ ደቂቃ መስመሩን ያለፈ ያለ ክርክር ይወጣል። ሻይት ቀድሞ መስመሩን አለፈ፣ ኤንስሊም ተከተለው፣ ሁለቱም ተሰረዙ። በነጥብ ይመራ የነበረው ሻይት ስለነበር ደግሞ ወርቁ በእጁ ቀረ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሲድኒ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ሻይት ወደ ኋላ ከቀረ ወርቁ የኤንስሊ ነበር፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ዙር የወጣው ሌሎቹን ለመቅደም ሳይሆን ሻይትን ለመያዝ ነው። ዘዴው እንዲህ ነው፦ በነፋሱ በኩል ከፍ ብለህ ከፊቱ ትሆናለህ፣ ሸራህ ነፋሱን ስለሚበጠብጠው እሱ የሚደርሰው የተረፈ አየር ነው። ለመሸሽ ሲታጠፍ አብረህ ትታጠፋለህ። ሁለታችሁም ትዘገያላችሁ፤ የአንተ መጥፎ ውጤት ግን ይሰረዝልሃል። ኤንስሊ በ42 ለ44 ነጥብ አሸነፈ። ሕጉ የሚከለክለው የመንገድ መብትን መጣስ ነው፤ ለምሳሌ ነፋስ ከግራ የሚመጣበት ጀልባ ከቀኝ ለሚመጣበት መልቀቅ አለበት። የጣሰ እዚያው ሁለት ጊዜ ዞሮ ራሱን ካልቀጣ በክስ ይሰረዛል። በእኛ ግምት ይህ የሩጫ ቡድን ታክቲክ ዘመድ ነው።

«አሜሪካስ ካፕ የአሜሪካ ዋንጫ ነው»

አሜሪካስ ካፕ የሸራ ጀልባ ውድድር ዋንጫ ነው፤ ስሙ የመጣው በ1851 በእንግሊዝ ዋይት ደሴት ዙሪያ ካሸነፈችው «አሜሪካ» ከተባለች ጀልባ ነው። በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የአሜሪካው ኦራክል ቡድን በኒውዚላንድ 8 ለ1 ተቀድሞ ከቆየ በኋላ 9 ለ8 አሸንፏል፤ መሪውን የያዘው ጂሚ ስፒትሂል ሲሆን ኤንስሊ መሃል ላይ ተተክቶ የገባው መንገድ ለመምረጥ ነው። ብሪታንያ እስከ 2024 ድረስ ዋንጫውን ወስዳ አታውቅም፤ በዚያ ዓመት ባርሴሎና ላይ ኤንስሊ የመራው ቡድን በኒውዚላንድ 7 ለ2 ተሸነፈ። የያኔው ጀልባ ስምንት ሰው ይይዝ ነበር፤ አራቱ ሥራቸው እንደ ብስክሌት ፔዳል እየመቱ ለሸራው መቆጣጠሪያ ኃይል ማመንጨት ነው።