ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል

ይህ ተረት የሚነገረው ለራሱ መጠጊያ ሳይኖረው ጓዝ ለሚያበዛ ሰው ነው። በየስድስት ወሩ ቤት እየለቀቀ ትልቅ ቁምሳጥን የሚገዛ ተከራይ ተረቱን መስማቱ አይቀርም። እሱ ራሱ በጥገኝነት እያደረ እንግዳ የሚጠራም እንዲሁ።

ምስሉ የመጣው ከክረምት ሙላት ነው። ወንዙ ዳሩን እየናደ ዛፍ ይነቅልና እያንከባለለ ይወርዳል። ምሰሶ አያቆምበት፣ እሳት አያነድበት። ዝም ብሎ ይዞት ይሄዳል።

እኔን የሚገርመኝ ተረቱ ያላነሳው ሸክም ነው። ግንድ ከሩቅ ስለሚታይ ስሙ ተጠራ። ውሃውን ቡና ያስመሰለው አፈር ግን ተረሳ። የናይል ደለል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ዓባይና ተከዜ ከደጋው ያወረዱት ነው።

ለዚህ ዝናቡም እርሻውም እጃቸው አለበት። የደጋው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ጤፍ ደግሞ የለሰለሰ መሬት ይወዳል። ገበሬው ደጋግሞ አርሶ ሐምሌ ላይ ይዘራል። ዝናቡ ሲበረታ ማሳው ገና ራቁቱን ነው። ቁልቁል ከሆነማ በቃ፣ አፈሩ መንገድ ጀመረ ማለት ነው።

«ደኑ ያለቀው በእኛ ዘመን ነው» ሲባል እንሰማለን። ወሎ ውስጥ ያሉት የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች ግን ሌላ ታሪክ ይዘዋል። ተመራማሪዎች ከሐይቆቹ ወለል ደለል አውጥተው በውስጡ የቀረውን የአበባ ብናኝ መረመሩ። ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት የዝግባና የጽድ ደን ጠፍቶ ቦታውን ክትክታና ሣር ይዞታል። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ደግሞ ጽድና ወይራ ተመልሰው በቅለዋል። ከዚያ እንደገና ተመነጠሩ። መሬቱ አንዴ ሲለብስ አንዴ ሲገፈፍ ኖሯል።

የተጠረገው አፈር ለሺህ ዓመታት የግብፅን ማሳ ሲያለማ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1964 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምር ከግድቡ ጀርባ መተኛት ጀመረ። ሱዳን ውስጥም የሮዛይረስን ግድብ እየሞላ አስቸግሯል።

ጉባ ላይ ግድባችን ውሃ መያዝ ሲጀምር «ዓባይ ማደሪያ አገኘ» ተባለ። እውነት ነው፣ ውሃው አድሯል። ጓዙም አብሮት ገብቷል። ግንዱ ይንሳፈፋል፣ በጀልባም ቢሆን ይለቀማል። አፈሩ ግን ሥር ይተኛና የውሃውን ቦታ ይይዛል።