ቮልቴጅ ምንድን ነው? ምጣድ አሽጎ ለሚሄድ ሰው

እህቴ ወደ አሜሪካ ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት እናታችን ከደሴ ገበያ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ መጣች። "ልጄማ እንጀራ ሳትበላ አትከርምም" አለች። ምጣዱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሄደ። እዚያ ስፒናው አዳፕተር ተደርጎለት ተሰካ። ለብ አለ እንጂ አልጋለም። እንጀራው ዓይን አላወጣም፤ ተጣብቆ ቀረ። "ተበላሽቷል መሰለኝ" ብላ ደወለች። አብሽሪ፣ አልተበላሸም አልኳት። የጎደለው ቮልቴጅ ነው።

ቮልቴጅ ምንድን ነው? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሃረጎ ቁልቁለት ወርዶ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቅርብ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። የቦርከና ወንዝ ወደ ታች የሚንደረደረው በዚህ የከፍታ ልዩነት ነው። ቁልቁለቱ ሲበረታ ውሃው ይገፋል፤ ሜዳ ሲደርስ ይዝላል። በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክን የሚገፋው ቁልቁለት ቮልቴጅ ይባላል። የሚፈሰው መጠን ደግሞ አምፔር ነው። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ይሰጣሉ፤ የምጣዱ ሙቀት ማለት እሱ ነው።

የእኛ ሶኬት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካ 120። ግፊቱ ሲቀንስ የሚፈሰውም አብሮ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሙቀቱ የሚወርደው እጥፍ ድርብ ሆኖ ነው። እዚህ 3,500 ዋት የሚሠራ ምጣድ እዚያ 1,000 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። ያ ለሻይ ይበቃል፤ ያን የሚያህል ምጣድ ግን አያግልም። የተገላቢጦሹ ይብሳል። ከአሜሪካ የመጣ ለ120 ቮልት የተሠራ ቡና ማፍያ ደሴ ላይ በቀጥታ ቢሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ሙቀት ይጫነዋል፤ ወዲያው ይቃጠላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አዳፕተር ላይ ነው። አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። ቮልቴጅ የሚቀይረው ትራንስፎርመር ነው። እሱም ቢሆን ለምጣድ አያዛልቅም፤ 15 አምፔር የሆነ ተራ የአሜሪካ ሶኬት ቢበዛ የሚችለው 1,800 ዋት ነውና። እዚያ ያሉ ቤቶች ለምድጃና ለልብስ ማድረቂያ የሚሆን 240 ቮልት መስመር አላቸው፤ ግን ያለ ባለሙያ አይነካም። እህቴ በመጨረሻ ለ120 ቮልት የተሠራ ምጣድ እዚያው ገዛች።

የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አያሳስብም። ጀርባውን ገልብጡትና ኢንፑት የሚለው ጋ "100-240" ካለ የትም አገር ይሠራል። አንድ ቁጥር ብቻ ካለበት፣ የምትሄዱበት አገር ቮልቴጅ ከዚያ ጋር መግጠም አለበት።

ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነውና ይህንንም ልጨምር። ዱባይ ቮልቴጁ ከእኛው ጋር ይቀራረባል፤ የሚለየው ስፒናው ነው፣ ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው። ስፒናው ውስጥ ያለው ፊውዝ ቢበዛ 13 አምፔር ስለሆነ ግን ትልቅ ምጣድ ፊውዙን ሊያቃጥለው ይችላል። ሳዑዲ አሮጌ ቤቶች ውስጥ 127 ቮልት ሶኬት አለ፤ ሳይሰኩ መጠየቅ ነው። የሳዑዲ ኸርዝም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካው ቁጥር፣ እንደ አሜሪካው 60 ነው፣ የእኛ 50። ለምጣድ ልዩነት የለውም። ሞተር ላላቸው እንደ ፍሪጅ ላሉት ግን አለው፤ ትራንስፎርመርም ኸርዝ አይቀይርም።

የእናታችን ምጣድ በሰው ሻንጣ ተመልሶ ደሴ ገብቷል። ባለፈው ዓርብ ጋገረችበት፤ ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ።