የግድብ ተነሺ እና የ77ቱ ሰፋሪ ለየቅል ናቸው

«ሰፈራ አይደል? እናውቀዋለን።» ወሎ ውስጥ የግድብ ተነሺ፣ ማለትም ግድብ ስለሚሠራ ከቀዬው የሚነሳ ሰው፣ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚለው ይህንን ነው። አይፈረድበትም፤ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው፣ አብዛኛውም ከወሎ፣ ወደ መተከል፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋና ጋምቤላ ተጭኗል። ሆኖም ሁለቱ አይመሳሰሉም። ደርግ ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪ ወደ ቀዬው ተመልሷል፤ ማሳው ለሌላ ተሰጥቶ ቢያገኘውም አገሩ በስፍራው ነበር። የግድብ ተነሺ ቢመለስ የሚያገኘው ውሃ ነው።

«ካሳውን ከተቀበለ ምን ቀረው?» የሚለው ከሁሉም የከፋ ስህተት ይመስለኛል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ላላገኘ የገጠር ባለይዞታ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ይከፍላል። ጥሩ ገንዘብ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ገበሬው ብሩን ይዞ የትኛውን ማሳ ይገዛል? ቢበዛ ይከራያል፣ አለዚያ ከተማ ገብቶ ቤት ይሠራል። ክፍያው ደግሞ የሚሰላው ለባለይዞታው ነው፤ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሰው ጎልማሳ ባዶ እጁን ይነሳል። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 44 በገንዘብ ብቻ አላበቃም፤ በበቂ የመንግሥት እርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዘዋወርንም ይጨምራል።

የማኅበራዊ ጥናት ሊቁ ማይክል ሰርኒያ ተፈናቃይን ያደኸያሉ ካላቸው 8 አደጋዎች አንዱ የማኅበረሰብ መበተን ነው። ለወሎ ሰው ይህ ማለት ቅሬው፣ ሌላው ዕድር የሚለው፣ ፈረሰ ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ መዋጮ ያዋጣ፣ ለሰው ቀብር የቆፈረ ሽማግሌ፣ መንደሩ በሦስት ቀበሌ ሲበተን ብድሩን ማን ይመልስለታል? ይህንን የሚመዘግብ ካሳ ገማች የለም።

«ውሃው ያልደረሰበት አልተነካም» የሚሉም አሉ። ጊቤ 3 የኦሞን ጎርፍ ሲገታ፣ ከግድቡ በታች ጎርፉ ሲሸሽ በሚተወው እርጥበት ያርሱ የነበሩት እርሻቸውን አጥተዋል።

«ሐይቁ ዓሣ ይሰጣል» የሚለው ግን ግማሽ እውነት አለው። በ2002 የተመረቀው የ188 ሜትሩ የተከዜ ግድብ ሐይቅ የቀድሞው ወሎ አካል የሆነውን ዋግን ይነካል፤ በዚያ ዓሣ ማስገር እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ማስገር ጀልባ፣ መረብ፣ በረዶና ገበያ የሚያደርስ መንገድ ይፈልጋል። ማሽላ ሲዘራ የኖረ የ60 ዓመት ገበሬ ይህንን ሁሉ ከየት ያመጣል? ከመነሳቱ በፊት ካልሠለጠነና መረብ በእጁ ካልገባ፣ ዓሣው የሌላ ሰው ነው።