«አንጀትሽ እንዳይጣበቅ»፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ የምንሰማቸው ምክሮች

በኦፕራሲዮን የወለደችን ወይም ትርፍ አንጀቱ የወጣለትን ሰው ሊጠይቅ የሚመጣ ሁሉ ምክር አያጣም። «እንዳትነሺ፣ አንጀትሽ ይጣበቃል» የምትለዋ ደግሞ መቼም አትቀርም።

«የሚጣበቀው ሐኪሙ ሲሳሳት ነው።» የግድ አይደለም። የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሲነካ ወይም ሲደርቅ፣ ሰውነት ቁስሉ ላይ ፋይብሪን የሚባል ሙጫ መሳይ ነገር ይለጥፋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሟሟ ደግ። ካልሟሟ ጠባሳ ሆኖ አንጀትን ከአንጀት ወይም ከሆድ ግድግዳ ጋር ያያይዛል። ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት አብዛኞቹ ይህ አለባቸው፤ ብዙዎቹ ግን ምንም አይሰማቸውም።

«መተኛት ይከላከላል።» አይከላከልም። ቶሎ መነሳት እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። መራመድ መጣበቅን ያስቀራል ብዬ ግን አልዋሽም።

«ተልባ ያላቅቃል።» ተልባ ለድርቀት ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን እሱ የሚያልፈው በአንጀት ውስጥ ነው፤ ጠባሳው ያለው ከውጭ። የውሃ ጎማ ከላዩ በገመድ ታስሮ ሳለ ውስጡን ዘይት ብናፈስበት ገመዱ አይፈታም። ሆድ ማሸትም አያላቅቀውም። ሆድ ከተነፋ፣ ቁርጠቱ መጣ ሄድ ካለ፣ ትውከት ካለ፣ ፈስና ሰገራ ከቆመ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ተልባም ሆነ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይወሰድም፤ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ከኦፕራሲዮኑ ዓመታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ የድሮውን ኦፕራሲዮን ለሐኪሙ መንገር አይረሳ።

«እንደገና ተከፍቶ ቢላቀቅ ይገላግላል።» አንዳንዴ ግድ ይሆናል። ግን አዲስ ኦፕራሲዮን አዲስ ቁስል ነው፤ ተመልሶ ሊጣበቅ ይችላል።

«ታዲያ ምንም አይደረግም።» ይደረጋል፣ አብዛኛው ግን ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ነው። አንጀትን በእርጋታ መያዝ፣ እንዳይደርቅ ማርጠብ፣ ደም በደንብ ማቆም። ዱቄት የሌለው ጓንትም አለ፤ አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ዱቄት ያለበትን የሐኪም ጓንት ስታግድ አንዱ ምክንያቷ ይኸው መጣበቅ ነበር። በአንዳንድ ቦታ ቁስሉ ላይ ቆይቶ ራሱ የሚሟሟ ስስ ሽፋን ያደርጋሉ። በትንንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ላፓራስኮፒም በጥቅሉ የመጣበቅ ዕድሉን ይቀንሳል። ቀጠሮ ያለው ሰው «በላፓራስኮፒ ይሆናል ወይ?» ብሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ ነውር የለውም። ሁሉም ኦፕራሲዮን ግን በዚያ መንገድ አይሠራም፤ መሣሪያውም ሁሉም ሆስፒታል የለም።