ቁልቢ ገብርኤል፦ ስለት፣ መጠጊያና የልጅነት እምነት በድሬዳዋና በሐረር

ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ድሬዳዋንና ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው የቁልቢ ከተማ የተሠራ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው። የመልአኩ በዓል በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ይከበርበታል። የቁልቢ ስም በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚታሰበው ስለት ነው፤ ሰው በተጨነቀ ጊዜ የሚሳለው፣ ጭንቀቱ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ተራራው ወጥቶ የሚያስገባው ስለት። ሁለቱም በዓላት የሚዘክሩት ግን በልጅነታቸውና በወጣትነታቸው እግዚአብሔርን መጠጊያ ያደረጉ ሰዎችን ነው። አንደኛው የሦስት ወጣቶችን፣ ሌላኛው የሦስት ዓመት ሕፃንን ታሪክ ይዟል። ቁልቢን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ስለቱን ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች ለይቶ ሊያየው አይገባም።

የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ ከራስ መኮንን ጋር የተያያዘ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርን ሲይዙ፣ ከተማዋንና አካባቢዋን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ራስ መኮንን ነበሩ። የጨለንቆ የጦር ሜዳ ራሱ ከቁልቢ የሚርቀው ጥቂት ነው። ኢጣሊያ በሰሜን ስትገፋ ራስ መኮንን የሐረርን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ በምእመናን ዘንድ እንደሚተረከውም በቁልቢ ሲያልፉ በድል ከተመለሱ ለቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት ተሳሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተገኘው ድል በኋላም ቃላቸውን ፈጸሙ። ዛሬ የሚታየውን ትልቅ ሕንፃ ያሠሩት ልጃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀር አንድ ክፍል አለ። ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀምረው ሳለ ታመሙ፤ ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ነው። ልጃቸው ተፈሪ፣ የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ያን ጊዜ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ከጦር ሜዳ በሰላም የተመለሱበትን ስለት ያስገቡበት ስፍራ የዕረፍታቸውም ስፍራ መሆኑ፣ በእግዚአብሔር መጠለል ከሞት ማምለጥ ብቻ ማለት እንዳልሆነ የሚያሳስብ ነው።

ከድሬዳዋ የሚነሣ ተጓዥ የደንገጎን ዳገት ይወጣል። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በአደሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ወደ ሐረር ይሄዳል፣ ሌላው በቀርሳና በላንጌ በኩል ወደ ቁልቢ ይወስዳል። ከሐረር የሚመጣውም ደንገጎ ላይ ከድሬዳዋው ጋር ይገናኛል። የድሬዳዋን ሙቀት የለመደ ሰው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ደጋ የታኅሣሥ ሌሊት ምን ያህል እንደሚከብድ ስለሚያውቅ ጋቢና ብርድ ልብስ ሳይዝ አይወጣም። በመኪና የሚሄደው ብዙ ቢሆንም በእግር የሚጓዘው ጥቂት አይደለም፤ ከድሬዳዋና ከሐረር ብቻ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ድረስ በእግሩ የሚመጣ አለ። ዳገቱን ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም ይታያል። የባቡሩ ዘመን ሲነሣ፣ ከመሀል አገር የሚመጣው ተሳላሚ ብዙውን ጊዜ ድሬዳዋ ወርዶ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣ እንደነበር ይታወሳል፤ ከተማዋ እስከ ዛሬ በበዓሉ ሰሞን በእንግዳ ትሞላለች። በቁልቢ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም የሆነ ኦሮሞ ነው፤ ለተሳላሚው ማደሪያ የሚያከራየው፣ ውኃና ማገዶ የሚያቀርበው፣ መንገድ የሚያሳየው እርሱ ነው። ከሙስሊሞችም መካከል ስለት ይዞ የሚመጣ መኖሩ በአካባቢው የታወቀ ነው።

ከሁለቱ በዓላት ይበልጥ ሰው የሚሰበሰበው በታኅሣሡ ነው። ሐምሌ የክረምት ወር ስለሆነ ዝናቡና ጭቃው ለመንገደኛ አይመችም፣ ገበሬውም በእርሻ ሥራ ይያዛል፤ ታኅሣሥ ደግሞ ደረቅና የመኸር ወቅት ነው። የታኅሣሡ በዓል በነቢያት ጾም ውስጥ ይውላል። ጾሙ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ስለሚዘልቅ፣ ለስለት የመጡት በጎችና ሰንጋዎች ቢበዙም በዓሉ የሚከበረው በጾም ምግብ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ዳቦ። በዓል ከፍስክ ጋር የተያያዘበት ሰው ይህ ይከብደው ይሆናል። ለዚህ በዓል ግን ተስማሚ ነው፤ እዚህ የሚታሰቡት ወጣቶች ታሪካቸው የጀመረው የንጉሥን ማዕድ አንበላም ከማለት ነውና።

ታኅሣሥ 19 የሚታሰበው በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 የተጻፈው ነው። ከይሁዳ ተማርከው ወደ ባቢሎን የተወሰዱት አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ በባቢሎን ስማቸው ሲድራቅ፣ አብደናጎና ሚሳቅ፣ ናቡከደነፆር ላቆመው የወርቅ ምስል አንሰግድም ባሉ ጊዜ ሰባት እጥፍ ወደ ነደደ እቶን ተጣሉ። የጣሏቸውን ሰዎች ነበልባሉ ሲገድላቸው እነርሱ ግን በእሳቱ መካከል ሲመላለሱ ታዩ፤ ልብሳቸውን የእሳት ሽታ እንኳ አልነካውም። ቤተ ክርስቲያን ያዳናቸው መልአክ ቅዱስ ገብርኤል መሆኑን ታስተምራለች። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሰው እሳቱ መብረዱን ነው። ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የመለሱት መልስ ግን ከተአምሩ ባላነሰ ሊጠና ይገባዋል። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ባያድነንም እንኳ አማልክትህን አናመልክም ብለው ጨመሩ። መዳናቸውን ለእምነታቸው ቅድመ ሁኔታ አላደረጉትም። ይህን መልስ በእቶኑ አፍ ላይ ድንገት አላገኙትም፤ በምዕራፍ 1 እንደተጻፈው፣ ገና ወደ ቤተ መንግሥት እንደገቡ ከንጉሡ መብልና ወይን ይልቅ ጥራጥሬና ውኃ የመረጡ፣ በትንሹ ነገር የጸኑ ልጆች ነበሩ። መጠጊያቸውን የያዙት እሳቱ ከመንደዱ ከዓመታት በፊት ነው።

የሐምሌው በዓል ከዚህም ያነሰ ዕድሜ ያለውን ያሳያል። ቅድስት ኢየሉጣና የሦስት ዓመት ልጇ ቂርቆስ በክርስቲያኖች ላይ ስደት በተነሣበት ዘመን ተይዘው ለጣዖት እንዲሰግዱ ተጠየቁ፤ እንቢ ሲሉም በፈላ ውኃ ውስጥ እንዲጣሉ ተፈረደባቸው። የቅዱሳንን ታሪክ የያዘው ስንክሳር እንደሚተርከው፣ እናቲቱ የውኃውን ፍላት አይታ በፈራች ጊዜ ያጸናት ሕፃኑ ነው፤ ሠለስቱ ደቂቅን (ሦስቱን ወጣቶች) ያዳነ አምላክ እኛንም ያድነናል ብሎ አበረታት። ቅዱስ ገብርኤልም ውኃውን አቀዘቀዘው። በኋላ ግን ሁለቱም በሰማዕትነት አርፈዋል፤ የቂርቆስ የሰማዕትነቱ በዓል ጥር 15 ቀን ይከበራል። ብዙውን ጊዜ ልጅን የሚያጸና ወላጅ ሆኖ ሳለ እዚህ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ሕፃን ስለ እምነት አያውቅም፣ ሲያድግ ራሱ ይመርጣል ለሚል ሰው የቤተ ክርስቲያን መልስ ይህ ታሪክ ነው።

ስለት ራሱ መነሻው ችግር ነው። ልጅ ያላገኘ፣ የታመመበት፣ ዘመዱ የታሰረበት ወይም ባሕር የተሻገረበት፣ ፈተና የተደቀነበት ሰው መልአኩ በእግዚአብሔር ፊት እንዲቆምለት ይማጸናል፤ ስለቱ ሲሠምር ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ ወርቅ፣ ገንዘብ፣ ቡና፣ ከብት ይዞ ይመጣል። ይህን እንደ ንግድ ውል አድርጎ የሚያይ ተቺ አለ፤ ትችቱም ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሆኖም በችግር ቀን ወደ እግዚአብሔር መሮጥን መጽሐፍ አይነቅፍም። በመዝሙረ ዳዊት እግዚአብሔር «መጠጊያችንና ኃይላችን» ተብሎ የተጠራው በመከራ ጊዜ ረዳት በመሆኑ ነው። ጥያቄው ስለቱ ከገባ በኋላ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ነው። በቁልቢ የዚህ ጥያቄ መልስ በብዛት የሚገኘው በጥምቀት ስፍራው ነው። ልጅ ለማግኘት የተሳሉ ወላጆች የተሰጣቸውን ልጅ ይዘው መጥተው ክርስትና ያስነሡታል፤ በበዓሉ ቀን የሚጠመቁት ሕፃናት እጅግ ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ወልደ ገብርኤል፣ ኃይለ ገብርኤል፣ ወለተ ገብርኤል እየተባሉ የሚጠሩ አሉ።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት መግባታቸውን ስለሚናገር ቀኑ ከዚያ ጋር ይያያዛል። ሕፃኑ ይጠመቃል፣ ቅብዐ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ በዚያው ቀን ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። ስለ እርሱ ሰይጣንን የሚክደውና ሃይማኖቱን የሚመሰክረው የክርስትና አባቱ ነው፤ ለሴት ልጅ የክርስትና እናቷ። ይህ ኃላፊነት ለስጦታና ለድግስ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ልጁን ማስተማር፣ ወደ ቅዳሴ ማቅረብ፣ ወላጆች ቢያልፉ ወይም ቢደክሙ በእነርሱ ቦታ መቆም የክርስትና ወላጅ ግዴታ ነው፤ በዘመናችን ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋውም ይህ ይመስላል።

ከጥምቀት በኋላ ያለው መንገድ በከተማም በገጠርም ረጅም ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ ከፊደል ተነሥቶ ወደ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይደርሳል። በግእዙ ዳዊት ውስጥ ከ150ው መዝሙር ቀጥሎ የነቢያት ጸሎት ስለሚገኝ፣ ዳዊት የሚደግም ተማሪ የሠለስቱ ደቂቅን ጸሎት በቃሉ ያውቀዋል። በድሬዳዋና በሐረር አጥቢያዎች አብዛኛው ልጅ የሚያልፈው ግን በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ መዝሙር ያጠናል፣ ያሬዳዊ ዜማ ይለማመዳል፣ መጽሐፍ ቅዱስና ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ይማራል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ታናናሾቹን ያስተምራል። ልጆች በ7 ዓመታቸው ጾም እንዲጀምሩና የንስሓ አባት እንዲኖራቸው ይመከራል። መምህራን በዚህ ዕድሜ ላሉት ደጋግመው የሚጠቅሱት የመክብብን ቃል ነው፤ «የጭንቀት ቀን ሳይመጣ በጉብዝናህ ወራት ፈጣሪህን አስብ» የሚለውን። ብዙ ሰው ወደ ቁልቢ የሚወጣው የጭንቀት ቀን ከመጣ በኋላ ስለሆነ፣ ይህ ቃል ለተሳላሚም የሚሠራ ነው።

በሁለቱ ከተሞች ያሉት ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም ለልጅነት እምነት የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። መቀመጫውን ሐረር ያደረገው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር የካቶሊክ መነኮሳት ከሆኑት ከካፑቺን ሚሲዮናውያን ዘመን ጀምሮ ትምህርትን ከእምነት ጋር አያይዞ ቆይቷል፤ ተፈሪ መኮንንም በልጅነቱ የተማረው ከእነዚሁ መምህራን ነበር። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን አጥምቃ ሲያድጉ እምነታቸውን በራሳቸው አፍ እንዲያጸኑ ታደርጋለች። ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል ደግሞ ልጁ ጌታን በግሉ ተቀብሎ፣ አውቆ ከመሰከረ በኋላ ያጠምቁታል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ጥምቀት ከእምነት ምስክርነት ይቅደም ወይስ ይከተል የሚለው ጥያቄ አብያተ ክርስቲያናቱን ዛሬም ይለያያቸዋል። ልጅ በጊዜ መማር አለበት በሚለው ግን አይለያዩም።

ከቁልቢ የተመለሰ ቤተሰብ ከታኅሣሡ በዓል በኋላ ለገና የሚቀረው ዐሥር ቀን ነው። በአጥቢያው ያለው የሰንበት ትምህርት ቤት በዚያ ሰሞን ለልደት መዝሙር ያስጠናል፤ በቁልቢ የተጠመቀው ሕፃን ገና በእናቱ ጀርባ ቢሆንም ታላላቆቹ በልምምዱ ላይ ይገኛሉ። በየሳምንቱ ወደ ቅዳሴ አብሮት የሚሄድ የክርስትና አባት ያለው ሕፃን፣ አፉን ሲፈታ ጀምሮ አቡነ ዘበሰማያትን ከቤተሰቡ ጋር ይላል።