ፍራንሲስ ንጋኑ፦ የከባድ ሚዛኑ ተፋላሚ የሙያ ጉዞ

ፍራንሲስ ንጋኑ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1986 በምዕራብ ካሜሩን ባቲዬ በምትባል ስፍራ የተወለደ፣ ቡጢ፣ ርግጫና ትግል በአንድነት በሚፈቀዱበት በድብልቅ ማርሻል አርት፣ የዩኤፍሲ (የስፖርቱ ትልቁ የውድድር ድርጅት) የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ለመሆን የበቃ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው ጎንደር ውስጥ ቦክስና ቴኳንዶ ለሚሠሩ ወጣቶች ሲሆን፣ ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወላጆቹ የተለያዩት እሱ ስድስት ዓመት ሲሆነው ነው። ገና በልጅነቱ አሸዋ በሚወጣበት ጉድጓድ አካፋ ይዞ የቀን ሥራ ሠርቷል፤ ቦክስ የጀመረውም ለስፖርቱ ዘግይቷል በሚባልበት በ22 ዓመቱ ነው። በ2012 ከአገሩ ወጥቶ በናይጄሪያ፣ በኒጀርና በአልጄሪያ በኩል ሰሃራን አቋርጦ ሞሮኮ ገባ። እዚያም አንድ ዓመት ያህል ባሕሩን ለመሻገር ደጋግሞ ሲሞክር ከቆየ በኋላ ስፔን ደረሰ፤ በሕገወጥ መንገድ ገብተሃል ተብሎም ሁለት ወር ገደማ ታሰረ። ከአዘዞ ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ወንድሙን ወይም ልጁን ወደ ሱዳንና ሊቢያ በረሃ የሸኘ ጎንደሬ፣ ይህ ክፍል ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፓሪስ ሲደርስ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ እያደረ የቦክስ ማሠልጠኛ ይፈልግ ነበር፤ አሠልጣኝ ፈርናንድ ሎፔዝ ወደ ድብልቅ ማርሻል አርት እንዲዞር አደረገው። የመጀመሪያ ፕሮፌሽናል ግጥሚያውን ኖቬምበር 2013 አደረገ። በፈረንሳይ ዘመኑ አንድ ጊዜ በነጥብ ተሸንፏል።

ዩኤፍሲ የገባው ዲሴምበር 2015 ሲሆን፣ ሉዊስ ሄንሪኬን በሁለተኛው ዙር በዝረራ አሸንፏል። በዓለም ዙሪያ ስሙን ያስጠራው ግን ዲሴምበር 2017 ዲትሮይት ላይ አሊስታር ኦቨሪምን ከታች ወደ ላይ በሰነዘረው የግራ ቡጢ የዘረረበት ምሽት ነው። ወዲያው ጃንዋሪ 2018 ለሻምፒዮንነት ቀበቶው ከወቅቱ ሻምፒዮን ከስቲፔ ሚዮቺች ጋር ገጠመ። ሚዮቺች በትግል እየጣለ አምስቱን ዙር አደከመው፤ ሦስቱም ዳኞች 50 ለ44 ፈረዱበት። ጉልበት ብቻውን የማይበቃ መሆኑ በግልጽ የታየው በዚህ ግጥሚያ ነው። በዚያው ዓመት ከዴሪክ ሉዊስ ጋር ያደረገው ደግሞ ሁለቱም እጃቸውን እምብዛም ሳይሰነዝሩ ያለፈ፣ ተመልካችን ያሰለቸ ፍልሚያ ነበር፤ እሱንም በነጥብ ተሸነፈ።

ከዚያ የመጣው መነሣት አስደናቂ ነው። ከርቲስ ብሌይድስን በ45 ሰከንድ፣ ኬን ቬላስኬዝን በ26 ሰከንድ፣ ጁንየር ዶስ ሳንቶስን በ71 ሰከንድ፣ በሜይ 2020 ደግሞ ጃይርዚንሆ ሮዘንስትራይክን በ20 ሰከንድ ጣለ። አራቱ ግጥሚያዎች ተደምረው ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞሉም። ማርች 27 ቀን 2021 ላስ ቬጋስ ላይ ከሚዮቺች ጋር ዳግም ሲገናኝ፣ በጎንደር የዐቢይ ጾም እሑድ ጠዋት፣ በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ሕዝቡ ከቅዳሴ በሚመለስበት ሰዓት ገደማ ነበር። ንጋኑ በዚህ ጊዜ አልቸኮለም፤ ሚዮቺች ሊጥለው ሲሞክር በተረጋጋ እግር ከልክሎ፣ በሁለተኛው ዙር 52ኛ ሰከንድ ላይ በዝረራ አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። ቀበቶውንም ይዞ ወደ ባቲዬ ተመለሰ።

ጃንዋሪ 2022 ከቀድሞ የልምምድ ጓዱ ከሲሪል ጋን ጋር የተጋጠመው የጉልበቱ ጅማት እንደተጎዳ ነው። በቡጢ የሚታወቀው ሰው የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሲከብዱት ወደ ትግል ዞሮ ጋንን ደጋግሞ ከመሬት ጣለው፤ በዳኞች ሙሉ ድምፅም አሸነፈ። በአገራችን ባህላዊ ትግል ያደገ ተመልካች የበለጠ የሚያደንቅለት ይህን ድል ሳይሆን አይቀርም።

ከዩኤፍሲ የተለየው ጃንዋሪ 2023 ነው። ድርጅቱ በታሪኩ ለከባድ ሚዛን ተፋላሚ ከፍተኛውን ክፍያ እንዳቀረበለት ገልጿል፤ ንጋኑ በበኩሉ የጤና መድንና ተፋላሚዎችን የሚወክል ሰው እንዲኖር የጠየቀው ለሁሉም መሆኑን ተናግሯል። የማንኛቸው ቃል ሚዛን እንደሚደፋ አንባቢ ይፍረድ፤ ቀበቶን ትቶ መውጣት ግን ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በሜይ 2023 ከፒኤፍኤል፣ ከሌላው የድብልቅ ማርሻል አርት ድርጅት ጋር ተዋዋለ።

ኦክቶበር 28 ቀን 2023 ሪያድ ላይ በመጀመሪያ ፕሮፌሽናል የቦክስ ግጥሚያው የከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮኑን ታይሰን ፊውሪን በሦስተኛው ዙር ከመድረኩ ወለል ጣለው። ሁለት ዳኞች ለፊውሪ፣ አንዱ ለንጋኑ ፈረዱ፤ ድሉ የንጋኑ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ያለ ምክንያትም አይደለም። ማርች 2024 በሌላ የቦክስ ግጥሚያ በአንቶኒ ጆሹዋ በሁለተኛው ዙር ተዘረረ።

በቀጣዩ ወር የ15 ወር ሕፃን ልጁን በሞት አጣ። ኦክቶበር 19 ቀን 2024 ወደ ድብልቅ ማርሻል አርት ተመልሶ ሬናን ፌሬይራን በመጀመሪያው ዙር ሲያሸንፍ ድሉን ለልጁ መታሰቢያ አደረገ። ከዚህ ግጥሚያ በኋላ በድብልቅ ማርሻል አርት 18 ድልና 3 ሽንፈት ነበረው፤ ከ18ቱ ዳኞች ነጥብ ቆጥረው የሰጡት በጋን ላይ የተገኘውን ድል ብቻ ነው።