«ፍርድ» ሲባል ለምን ቅጣት ብቻ ይታየናል?
ትናንት ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ አንድ ልጅ በስልኩ ስለ መጨረሻው ፍርድ ስብከት ከፍቶ አጠገቤ የነበሩት እናት ፊታቸው ሁሉ ተለወጠ፣ በጣም ነው ያሳዘኑኝ። ቋንቋችን ራሱ ይለየዋል እኮ፣ «ፈረደበት» አለ፣ «ፈረደለት» አለ። ሉቃስ 18 ላይ ያቺ መበለት ዳኛው ጋ የተመላለሰችው «ፍረድልኝ» እያለች ነው፣ ፍርድ ለእሷ ተስፋዋ ነበር። ቅጣት የለም እያልኩ አይደለም፣ ራእይ 20 ሙታን እንደ ሥራቸው እንደሚፈረድባቸው በግልጽ ይናገራል። ግን ፈራጁ ማን ነው? ዮሐንስ 5፥22 አብ ፍርድን ሁሉ ለወልድ ሰጠ ይላል፣ ያው በመስቀል ላይ የሞተልን ማለት ነው። ቀኑንም ማቴዎስ 24፥36 አብ ብቻ ያውቃል ስለሚል ቀን እየቆጠረ የሚያስፈራራችሁን በናታችሁ አትስሙት።